የሃይሉክሷ የጎማ ልክ፦ የሁለት ወር የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

የመስቀል ማግስት ነው። ገበያው ገና አልነቃም፤ ከመቂ የሚጫነው ሽንኩርትም ለሰኞ ነው። መኪናዋን ለዓመታዊ ምርመራ ከማቅረቤ በፊት ጎማዎቿን ልቀይር አስቤ፣ ቁጥራቸውን ልገለብጥ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ወጣሁ። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ መስሎኝ ነበር። የፊት ቀኙ 225/75 አር 16 ይላል። የኋላ ቀኙ 265/70 አር 16 ይላል። የተሳሳትኩ መስሎኝ ተመልሼ የፊቱን በጨርቅ ጠርጌ አነበብኩት። አልተሳሳትኩም። በግራ በኩልም ያው ነው። ፊቷና ኋላዋ የተለያየ ጫማ የተጫማች መኪና ሁለት ዓመት ሙሉ ስነዳ ኖሬአለሁ።

መኪናዋ በፈረንጆች 1999 የተሠራች ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ ባለ ሁለት ጋቢና፣ ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ አራቱንም ጎማ በአጭሯ ማርሽ የምታስነዳ። ሊብሬዋ ላይ የመጫን አቅሟ 10 ኩንታል ተብሎ ተጽፏል። የገዛኋት በደላላ በኩል ነው። ያን ጊዜ የኋላው ጎማ ስፋት ግርማ ሰጥቷት ስለነበር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልክድም።

ቁጥሩን ለማያውቅ፦ 265 የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 70 የጎኑ ቁመት ነው፣ ከወርዱ በመቶኛ ተሰልቶ። «አር» ራዲያል የሚባለው የጎማ አሠራር ምልክት ነው። 16 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። አንዱን በሚሊ ሜትር፣ አንዱን በመቶኛ፣ አንዱን በኢንች በአንድ መሥመር የደረደረው ሰው ምን እያሰበ እንደነበር እንጃ።

እንግዲህ የትኛው ነው የእሷ ልክ? ሁለቱም ባለ 16 ናቸው፤ ሁለቱም ቸርኬው ላይ ገብተዋል፤ ሁለቱም ሲሽከረከሩ ኖረዋል። ጡረታ የወጣው ሹፌር ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ሆኖ፣ «ልጄ፣ ትልቁን ውሰጂ፤ መኪና የምትከበረው በጎማዋ ነው» አለኝ። እሱ በአንድ ቃል ጨርሶታል። እኔን ግን የኋላዎቹ አበላል አሳሰበኝ። መሃላቸው ተልጦ ጠርዛቸው ገና ጥርስ አለው። ንፋስ አብዝቼ አላውቅም።

መስከረም 22

አምራቹ የጎማውን ልክና የንፋሱን መጠን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በትንሽ ልጣፍ ጽፎ ይሰጣል። በሩን ከፍቼ ተንበረከክሁ። ያለው ነጭ ቀለም ብቻ ነው። በእጅ ባትሪ በአግድም ሳበራበት ግን ቀለሙ ሥር የአራት ማዕዘን ጠርዝ ታየኝ፤ የመዳፍ ያህል ስፋት አለው። በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው የደረቀ ሙጫ ብቻ ወጣ። መኪናዋን የቀባት ሰው ልጣፉን ልጦ፣ ሙጫውን ሳያጸዳ ቀለሙን ነፍቶበታል። የባለቤት መመሪያውም መጽሐፍ የለም። ደላላው መኪናዋን ሲያስረክበኝ የሰጠኝ አንድ ቁልፍና አንድ ሊብሬ ነው።

መስከረም 25

ዛሬ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ከመኪናዋ ሆድ ሥር ዋልኩ። ቅያሪው ጎማ ከጭነት መደቡ በታች በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ነው ያለው፤ ከገዛኋት ጀምሮ አውርጄው አላውቅም። ደግነቱ ጎማ ፈንድቶብኝ አያውቅም። ማውረጃው በዝገት ተቆልፏል። ትናንት ማታ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ጠቅልዬበት አሳድሬ፣ ዛሬ ብረቱን በመዶሻ ቀስ እያልኩ ስመታው ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ ጮኸና ዞረ። ጎማው የሃያ አምስት ዓመት አቧራ ይዞ ዱብ አለ።

በሳሙናና በብሩሽ አጠብኩት። ጭቃው እየለቀቀ ሲሄድ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፦ 205 አር 16 ሲ። ከአጠገቡ 110/108፣ የመሸከም አቅሙ ምልክት፤ ከዚያ 8 ፒአር፣ የጥንካሬ ደረጃው። የማምረቻ ቀኑ ሞላላ ክብ ውስጥ ነው፦ 249። ሦስት አኃዝ ብቻ። ከ2000 በፊት የተሠራ ጎማ ኮዱ ባለ ሦስት አኃዝ ነው፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻው ዓመቱን ያሳያል። የ24ኛው ሳምንት፣ በ9 የሚያልቅ ዓመት። መኪናዋም የ1999 ናት። ጥርሱ ላይ ከፋብሪካ የወጣባቸው ቀጫጭን የጎማ ፀጉሮች ሳይቀሩ አሉ፤ ይህ ጎማ መሬት ረግጦ አያውቅም። ጎኑ ግን ውኃው እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቋል፤ ጥፍር ያስገባል። ለምስክርነት እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

ባለቤቶቿ ሲቀያየሩ፣ ልጣፉ ሲላጥ፣ መጽሐፉ ሲጠፋ፣ ከሆዷ ሥር የተሰቀለውን ማንም አልነካውም። የመጀመሪያ ልኳ እዚያ ተጽፎ ኖሯል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መሃሉ ላይ የመቶኛ ቁጥር የለም። ይህ የጥንቱ አጻጻፍ ነው። ካልተጻፈ የጎኑ ቁመት ከወርዱ 80 በመቶ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ሲ» የንግድ፣ ማለትም የጭነት ጎማ መሆኑን ይናገራል።

ጥቅምት 1

ለማረጋገጥ ያህል፣ የእኔን ዓይነት ሃይሉክስ የሚነዳ መካኒክ ወዳጄ የባለቤት መጽሐፉን አውጥቶ በስልክ አነበበልኝ። 205 አር 16 ሲ። አበቃ።

አበቃ ማለቴ የመጀመሪያ ልኳ ታወቀ ማለቴ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ የትኛው ይሻላታል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ጥቅምት 2

ከታላቅ እህቴ ልጅ ጋር የጎማዎቹን ዙር ለካን። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ቾኩን የያዘው እሱ ነው። በመጀመሪያ ያደረግሁት ስህተት ነበር። ሜትር ይዤ ከመሬት እስከ ጎማው አናት ለካሁና ከሒሳቡ ያነሰ ቁጥር አገኘሁ። ግማሽ ሰዓት ራሴን ካከክሁ በኋላ ገባኝ። የቆመ ጎማ ከሥሩ በክብደቱ ይጨፈለቃል፤ ከመሬት እስከ አናት ያለው ቁመት ሙሉ ዲያሜትሩ አይደለም።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዝን። ጎማውና መሬቱ ላይ በቾክ ምልክት አድርገን፣ መኪናዋን በቀጥታ እየገፋን አምስት ዙር አስኬድናት። የፊቱ 11 ሜትር ከ20 ሄደ። የኋላው 11 ሜትር ከ65። ልጁ «እትዬ፣ ዲያሜትሩን በ3.14 ማባዛት ነው እኮ» ብሎ ሲሟገተኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ለክብ። ጭነት የተሸከመ ጎማ ግን ሙሉ ክብ አይደለም፤ በጎማ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ለራዲያል ጎማ የሚጠቀሙት 3.05ን ነው። ለአዲስ 205 አር 16፣ ዲያሜትሩ 736 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንዱ ዙር ወደ 2 ሜትር ከ24 ተኩል ይመጣል ማለት ነው። ልጁ በ3.14 አባዝቶ ከቾኩ ጋር አስተያየውና ዝም አለ።

አሁን ዋናው ነገር። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ የፊቱ ጎማ 446 ጊዜ ሲዞር የኋላው 429 ጊዜ ነው የሚዞረው። ልዩነቱ 17 ዙር ነው። በሁለት ጎማ ስነዳ ይህ ማንንም አይጎዳም፤ የፊቱ በራሱ፣ የኋላው በራሱ ይዞራል። አጭሯን ማርሽ ሳስገባ ግን የፊቱና የኋላው ዘንግ ተቆላልፈው እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። የዚህች ሃይሉክስ አሠራር እንደዚያ ነው፤ በመካከላቸው ልዩነቱን የሚያቻችል ነገር የለም። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ይበላዋል። ደረቅ መሬት ላይ ግን መሄጃ የለውም፤ ብረት ከብረት ይታገላል።

ባለፈው ነሐሴ ከሞጆ ወጣ ብሎ ካለው ዋልካ ወጥቼ ጠጠር መንገድ ላይ ስደርስ አጭሯ ማርሽ አልወጣ ያለችኝና መኪናዋ እንደ ታሰረ በሬ እየዘለለች የሄደችብኝ ለካ ለዚህ ነው። እኔ ካምቢዮው ሊፈርስ ነው ብዬ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንድ መካኒክም ይፈታ ብሎኝ ነበር። ገንዘብ ስላልነበረኝ ተረፍኩ።

ጥቅምት 5

ቸርኬውን አየሁ። ከውስጥ በኩል 16 × 6 ጄ የሚል ተቀርጾበታል፤ ስድስት ኢንች ወርድ ማለት ነው። የኋላዎቹ መሃላቸው ለምን እንደተበላ አሁን ግልጽ ሆነ። 265/70 አር 16 ቢያንስ ሰባት ኢንች ወርድ ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። በጠባቡ ላይ ሲገጠም ሁለቱ ጠርዞች ወደ ውስጥ ይሳባሉ፣ መሃሉ እንደ ሆድ ይነፋል፣ መሬት የሚነካው ሆዱ ብቻ ይሆናል። ሰፊ ጎማ ገዝቶ በጠባብ እግር መሄድ ነው።

ስለዚህ ትልቁ ጎማ ከምርጫው ወጣ። ጎረቤታችን ቅር ይለው ይሆናል።

በዚያ ላይ ዲያሜትሩ። 265 ሲባዛ በ0.70፣ 185.5 ነው፤ ከላይና ከታች ስለሆነ 371፤ ቸርኬው 406.4፤ ድምሩ 777 ሚሊ ሜትር። ከ736ቱ በ5.6 በመቶ ይበልጣል። ይህ ማለት ማርሾቿ ሁሉ በዚያው ልክ ረዝመዋል ማለት ነው። ከሞጆ ወደ ላይ 10 ኩንታል ሽንኩርት ጭና ስትወጣ አራተኛ ማርሽ የሚከብዳትን ሁልጊዜ በሞተሩ እርጅና ነበር የማሳብበው።

ጥቅምት 9

መርካቶ፣ ጎማ ተራ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ከሐምሌው የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ጠዋት የተነገረኝ ከሰዓት በኋላ አይገኝም። የጠየቅሁት ሁሉ «205 በ16 ያረጀ ቁጥር ነው» እያለ ሌላ ሊሸጥልኝ ይሞክራል። አንዱ 7.50 አር 16 አወጣልኝ፤ ከመነዳሪ ያለው፣ የላንድክሩዘር ጎማ ነው፤ ዲያሜትሩ ከ80 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። «ይገባል፤ ፓራፋንጎውን ትንሽ መቁረጥ ነው» አለኝ። ጎማ ልገዛ መጥቼ መኪና ልቆርጥ!

አንዱ ሱቅ ውስጥ 205 አር 16 ሲ ተደርድሮ አየሁ። ልቤ ዘለለ። ዋጋውም ከሌላው ቀነስ ያለ ነው። ሻጩ ወጣት ነው፤ ጎማውን በእጁ መታ መታ እያደረገ፣

«እህቴ፣ ትኩስ ነው። የ2015 ምርት።»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?»

ዝም አለ። ጎንበስ ብዬ አነበብኩት። 3915 ይላል። የ39ኛው ሳምንት፣ 2015፤ በፈረንጅ ነው እንጂ በእኛማ ሊሆን አይችልም፤ የጎማ ፋብሪካ በእኛ አቆጣጠር ኮድ አይመታም። በእኛ ሲቆጠር የመስከረም 2008 ጎማ ነው። ሁለት ዓመቱ ሳይሆን ዘጠኝ ዓመቱ። ሻጩ አውቆ ያታለለኝ አይመስለኝም፤ ኮዱን ሲያይ 15ን ያነብና አእምሮው በራሱ ወደ እኛ ዓመት ይወስደዋል። የሰባት ስምንት ዓመቱ ልዩነት ግን ሁልጊዜ ለሻጭ ነው የሚያደላው። ጎማ ባይነዳም ያረጃል። ከመኪናዬ ሆድ ሥር የወጣውን ያየ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ሌላ ሱቅ፣ ሌላ 205 አር 16 ሲ። ይኼኛው 1824 ነው፤ በእኛ የ2016 ሚያዝያ። 110/108፣ 8 ፒአር። ያለው ሦስት ብቻ ነው። አምስት ነው የምፈልገው። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው፤ «ሁለቱን ከሌላ ዓይነት አሟይና ሂጂ» አሉኝ። እሺ ልል ነበር። ከዚያ 17ቱ ዙር ትዝ አለኝ። ሁለት አምራች አንድ ቁጥር ጽፈው በዲያሜትር በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊለያዩ ይችላሉ፤ በጥርስ ጥልቀትም እንዲሁ። ከጀመርኩት አይቀር አምስቱም መንትያ ይሁኑ አልኩ። ቀብድ ከፍዬ፣ ቀሪዎቹ ሲመጡ እንዲደውሉልኝ ስልኬን ሰጥቼ መጣሁ።

ጥቅምት 12

ቀብድ ከፍዬም ልቤ አላረፈም፤ የ235/70 አር 16 ነገር ነው። ብዙ ሱቅ አለ፣ አዲስ ነው፣ ርካሽ ነው። ዲያሜትሩን ባሰላው 735 ሆነ፤ ከ205ቱ ጋር በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ የሚለያይ። በ6 ኢንች ቸርኬም ይገጠማል። ሦስቱንም ፈተና አልፏል። ታዲያ ለምን አይሆንም?

የቀረው ክብደቱ ነው። በጎማው ጎን ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ኪሎ አይደለም፣ የኪሎ ምልክት ነው። 104 ማለት 900 ኪሎ ነው። 106 ማለት 950። 108 ማለት 1,000። 110 ማለት 1,060። የ205ቱ 110/108 ሁለት ቁጥር የሆነው፣ የመጀመሪያው ጎማው ነጠላ ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ አይሱዙ ኋላ ጥንድ ሆኖ ሲገጠም ስለሆነ ነው። ሱቅ ያየሁት 235/70 የቤት መኪና ዓይነት ነው፣ 106።

ሃይሉክሷ 10 ኩንታሏን ስትጭን ኋላዋ ላይ የሚያርፈው ወደ 1,600 ኪሎ ይሆናል፤ የእኔ ግምት ነው፣ ሚዛን ላይ አላወጣኋትም። ሁለት ባለ 106 ጎማዎች 1,900 ይሸከማሉ። በወረቀት ይችላል። እዚህ ላይ ግን አንድ ደንብ አለ። በአሜሪካ የመኪና ደህንነት ደንብ የቤት መኪና ጎማ ጭነት መኪና ላይ ሲገጠም አቅሙ በ1.1 ይካፈላል። ስለዚህ 950ው 864 ይሆናል፣ ሁለቱ 1,727። ከ1,600 በላይ የሚተርፈኝ አንድ ኩንታል ከሩብ ነው። የመቂ ገበሬ ደግሞ «አንድ ጆንያ ምረቃ» ብሎ ሲጭን ሚዛን አያይም፤ ጉድጓዱም ሚዛን አያይም። ባለ 110ዎቹ ሁለቱ 2,120 ይይዛሉ። ንፋሱም ይለያል። የጭነት ጎማው እስከ 65 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ተሞልቶ ለሙሉ ጭነት የተሠራ ነው፤ የቤት መኪናው 44 ወይም 51 ላይ ያቆማል።

ለቤተሰብ ብቻ የምትነዳ ሃይሉክስ ብትሆን 235ቱን እገዛ ነበር፤ ሳላፍርበት። የእኔዋ ሽንኩርት ትጭናለች።

ጥቅምት 24

ሁለት ሳምንት ስልክ ስጠብቅ ቆየሁ። በመካከሉ ሁለት ጊዜ መቂ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ በግማሽ ጭነት፣ አጭሯን ማርሽ ሳልነካ። ዛሬ ተደወለ። ሁለቱ መጥተዋል፤ ያው ዓይነት፣ 2024 የሚል። የ20ኛው ሳምንት ማለት ነው፤ ከሦስቱ በሁለት ሳምንት ይለያያል፤ ይሁን። ዋጋው ግን ቀብድ ከከፈልኩበት ጨምሯል። ተከራከርን። አዛውንቱ ሦስቱን በድሮው፣ ሁለቱን በአዲሱ ዋጋ ሰጡኝ። ሚዛናዊ ሰው ናቸው።

ጥቅምት 30

ገጠማ። የሰፈራችን ጎሚስታ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከትልቅ ዋርካ ሥር መጭመቂያቸውን ተክለው የሚሠሩ ሰው ናቸው። የማሽን መፍቻ የላቸውም፤ ሁለት የጎማ ብረት፣ አንድ መዶሻ፣ አንድ የሳሙና ቆርቆሮ። ማሽን ካለው ቤት ያልሄድኩት ቸርኬዬን በዓይኔ እያየሁ እንዲሠራልኝ ስለፈለግሁ ነው።

የኋላውን 265 ሲያወጡ ጎማው በራሱ ጊዜ ከቸርኬው ዘለለ ማለት ይቻላል። እሳቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ይኼ ቸርኬ የዚህ አልነበረም» አሉ። መስከረም ላይ እሳቸውን ብጠይቅ ኖሮ አንድ ወር ይተርፈኝ ነበር።

ክርክራችን ከመነዳሪ ላይ ነው። «ልጄ፣ ከመነዳሪ እናግባበት፤ የኢትዮጵያ መንገድ ያለ ከመነዳሪ አይሆንም።» አዲሱ ጎማ ከመነዳሪ አይፈልግም፤ ውስጥ ለውስጥ ከገባበት እየታሸ ይሞቃል፣ ሲፈነዳም ባንዴ ነው። ያለ ከመነዳሪ የሆነ ጎማ ሚስማር ቢወጋው ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው። «ጋሼ፣ ቸርኬውን እናጽዳውና ይሞከር፤ ከተነፈሰ እርስዎ ያሉት ይሁን» አልኳቸው። ተስማማን።

የቸርኬው ከንፈር ዝገት ነበር። በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈተግነው፤ የእህቴ ልጅ አንዱን፣ እኔ አንዱን። የንፋስ መሙያ ጎማዎቹን (ቫልቮቹን) በአዲስ ቀየርን። ከዚያ ሳሙና ቀብተው በብረቱ እያሽከረከሩ አስገቡት፣ ንፋስ ሲሞላ «ጧ! ጧ!» ብሎ ሁለቱም ጠርዝ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ያ ድምፅ ሲሰማ ጎሚስታው ሁልጊዜ ፈገግ ይላሉ።

አራቱ ያዙ። አምስተኛው የሳሙናውን ውኃ ስናፈስበት ከጠርዙ በአንድ ቦታ አረፋ እየጠነሰሰ ወጣ፤ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ አረፋዎች፣ ሳያቋርጡ። ቸርኬው እዚያ ቦታ ላይ ጥቂት ታጥፏል፤ የአንድ ጉድጓድ ማስታወሻ ነው። ጎሚስታው በመዶሻ ከውስጥ ደግፈው ቀጥ አደረጉት፣ እንደገና ፈተጉት፣ አረፋው ቀነሰ፣ ግን አልቆመም። እሱን ለቅያሪነት አደረግነውና፣ ሃያ አምስት ዓመት ከሆዷ ሥር የኖረውን፣ ምንም ያልነካውን ቸርኬ ወደ ኋላ ግራ አወጣነው። በቅያሪው ብቻ ከመነዳሪ ገባ። እሳቸውም ደስ አላቸው።

ዳዶዎቹን በተቃራኒ በተቃራኒ አጠበቅን። ጎሚስታው ቁልፉ ላይ በእግራቸው ሊቆሙ ሲሉ ለመንኳቸው፤ ባለፈው ዓመት በዚያ ዓይነት ማጥበቅ አንድ ቡሎን ተበጥሶብኛል።

ኅዳር 5

አዲስ አበባ–መቂ–ባቱ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ንፋሱን ለካሁ። ለመልስ ጭነት ስለሆነ የኋላውን 45 አድርጌው ነው የወጣሁት። ባቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ መኪናዋን ከግራር ጥላ ሥር አቁሜ ሻይ ከጠጣሁና ጎማው ከቀዘቀዘ በኋላ ስለካው 47። መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቄአለሁ፤ ሁለቱ ሩብ ዙር ሄዱ።

ስለ ንፋሱ፦ ባቱ ከአዲስ አበባ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ዝቅ ሲባል የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው አንድ ፒኤስአይ ያህል ቀንሶ ማሳየት አለበት። ሙቀቱ ደግሞ ሦስት ያህል ይጨምራል። ሲቀናነስ ሁለት ይቀራል፣ ያየሁትም እሱን ነው። መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ «በዛ፣ ላስተንፍሰው» ብሎኝ ነበር። ቢያስተነፍሰው ማታ አዲስ አበባ ብርድ ላይ ስደርስ ጎድሎ ይገኝ ነበር።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በስልኬ ጂፒኤስ አነጻጸርኩት። በድሮው ጎማ መስከረም መጨረሻ ላይ ሞክሬው ነበር፤ ስልኩ 20 ሲል ቆጣሪዋ 19.3 ነበር የምትለው። ዛሬ ስልኩ 20፣ ቆጣሪዋ 20.1። ፍጥነቱም እንደዚያው ነው። 100 መስሎኝ ስነዳ ወደ 104 ስበር ከርሜአለሁ። የናፍጣ ደብተሬም ተዛብቷል፤ ኪሎ ሜትሩ እየተሸረፈ ስለተጻፈ መኪናዋ ከእውነቷ በላይ ናፍጣ ጠጪ መስላ ነው የተመዘገበችው። ሁለት ዓመት ስሟን አጠፋሁ።

ሽቅቡ ላይ፣ ዘጠኝ ኩንታል ተኩል ጭና፣ አራተኛ ማርሽ ያዘች። መሪውም ቀሏል። ቆንጆ አትመስልም ግን፤ ቀጭን እግር ሆናለች። ጎረቤታችን አይቶ፣ «ከሳችብሽ» አለኝ።

ኅዳር 12

የሚካኤል ዕለት፤ ከተማው በሙሉ ቆሻሻ እያጠነ ጭስ በጭስ ሆኗል። የሰፈሩ ልጆች አሮጌዎቹን ጎማዎች ለእሳት ለመኑኝ። እምቢ አልኩ፤ ያን ጥቁር ጭስ ለማን ብዬ? በረባሶ ለሚሠሩ ልስጥ ብዬ አንዱን ጫማ ሠሪ አመጣሁ። ጠርዙን በቢላ ጫር አድርጎ ሽቦው ብልጭ ሲልበት ተወው። «ሽቦ አለው፤ ቢላዬን ይበላዋል። ሽቦ የሌለውን የድሮውን አምጪልኝ» አለ። ሁለቱን ፊት የነበሩትን፣ ገና ጥርስ ስላላቸው፣ 225 የሚወስድ ሰው ገዛኝ። የኋላዎቹ ሁለቱ ግቢ ውስጥ አፈር ተሞልተው ጎመን ተተክሎባቸዋል። ሃያ አምስት ዓመት የተሰቀለውንማ አላስጠጋሁትም፤ ከቤቱ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።

ኅዳር 21

ሁለተኛ ጉዞ። ሞጆ አካባቢ ያው ዋልካ ውስጥ፣ ዝናብ ባይኖርም በመስኖ ውኃ የረጠበ ቦታ ላይ፣ አጭሯን ማርሽ አስገባሁ። ወጣሁ። ጠጠሩ ላይ ስደርስ ማርሿን በሁለት ጣት ሳብኩ። ወጣች።

ቤት ስደርስ የማውረጃውን ሰንሰለት ግራሶ ቀባሁ። ከዚያ የበሩን ምሰሶ፣ ሙጫው የነበረበትን አራት ማዕዘን፣ በአሸዋ ወረቀት አለስልሼ በጥቁር ቀለም ጻፍኩ፦

205 አር 16 ሲ፣ 110/108
ቸርኬ 16 × 6
ባዶ፦ ፊት 30፣ ኋላ 35
ጭነት፦ ፊት 32፣ ኋላ 45

ቀለሙ እስኪደርቅ በሩን ክፍት አድርጌ ተውኩት።